የወፍራሙ ክር ባለቤት

ለገሰ ያንን ጊታር ተሸክሞ አሶሳ ገበያ ባለፈ ቁጥር ሰው ያስቆመዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይቺ ሰባተኛዋ ክር ምንድን ናት? መለዋወጫ ናት?» ከስድስቱ አንዷ ብትበጠስ የምትተካ፣ ሻጩ በደግነት መርቆ የሰጣት ይመስላቸዋል። ባጃጅ ነጂው ጠይቆታል። ማንጎ ሻጯ ጠይቃዋለች። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ የለገሰን ፀጉር ግማሹን ቆርጦ፣ መቀሱን አንጠልጥሎ ጠይቆታል፤ ግማሽ ራስ የቀረው ሰው ደግሞ ተነስቶ መሄድ ስለማይችል መልስ መስጠት ግድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለገሰ በትዕግሥት ያስረዳ ነበር። ክሯ ከሌሎቹ ሁሉ የወፈረች መሆኗን፣ የቤዝ ጊታርን ሥራ ደርባ የምትሠራ መሆኗን፣ በአውራ ጣት የምትመታ መሆኗን ይናገራል። ሰሚው በጥሞና ሲነቀንቅ ይቆይና «እና ሌላዋ ስትበጠስ ነው የምትጠቅመው?» ይላል። በመጨረሻ ለገሰ ተሸነፈ። «አዎ፣ ስኮርታ ናት» ብሎ ማለፍ ጀመረ።

ለገሰ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ከመጡ ገበሬዎች አሶሳ አጠገብ የተወለደ፣ አርባን የተሻገረ ሰው ነው። አባቱ ማሽላና ሰሊጥ እንዲያርስላቸው ፈልገው ነበር፤ እሱ ግን ገና በጉርምስናው ከተማው ውስጥ ተመድቦ ከነበረ ወታደር ጊታር ተማረ። ወታደሩ ደግ ሰው ነበር። የሚያውቀውን አልደበቀም፤ የማያውቀውንም ጭምር አስተማረው። ከማያውቀው አንዱ የግራ እጅ አያያዝ ነው። የጊታሩን አንገት እንደ አካፋ እጀታ ጨብጦ፣ አውራ ጣቱን ከላይ በኩል አሻግሮ ስድስተኛውን ክር በእሱ ይጫን ነበር። ለገሰም እንደዚያው ለመደ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያው አውራ ጣት ሠርግ ሲያሞቅ ኖረ። ቅር ያለው ሰው የለም። ሙሽሮቹም ተጋብተዋል፣ ወልደዋል።

ባንዱ አራት ሰው ነበር። ድራም የሚመታው ዲማ አለቃቸው ነው፤ የባምባሲ ልጅ፣ ቁጥብ፣ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ። ኢቲዳል ዘፋኟ ናት፤ በበርታኛም፣ በአማርኛም፣ በሱዳን አረብኛም እየዘፈነች የተቀመጠ ታስነሳለች። ሃብታሙ ቤዝ ጊታር፣ ለገሰ ጊታር። ታዲያ ሃብታሙ አንድ ጠዋት «አዲስ አበባ የተሻለ ነገር አገኘሁ» ብሎ ቤዙን አዝሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ቤዝ ሲጠፋ ሰሚው ምን እንደጎደለ አያውቅም፤ ብቻ እግሩ አልነሳ ይለዋል፤ መጨፈሩን ትቶ መብላት ይጀምራል። ዲማ ሁለት ሠርግ ላይ ሰው ሲበላ አየና ለገሰን ለብቻው ጠራው።

«አቦ ለገሰ፣ እኔ ከእንግዲህ ቤዚስት ፍለጋ አልዞርም። ኦርጋን የሚነካ ልጅ አግኝቻለሁ። ግራ እጁ ቤዝ ነው፤ ቀኝ እጁ ዋሽንት በለው፣ ማሲንቆ በለው፣ ጊታር በለው፣ የፈለግከው ነው።»

«ጊታርም?»

«ጊታርም።»

ለገሰ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ኦርጋኑ ከገባ እሱ ይወጣል ማለት ነው። ሠርግ ቤት ሲደርስ «ጊታሪስቱ መጣ» እየተባለ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ጊታሪስትነቱን ሲቀሙት ምን ይሆናል? ማሽላ እንኳ በዚህ ዕድሜ አይታረስም። ስለዚህ ሳያስበው «ቤዙን እኔ ደርቤ እሸከመዋለሁ» አለ።

«በምን?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ዲማ የድራሙን በትር በጣቶቹ መካከል አሽከረከረ። «ከፊታችን ባለው የሆሞሻው ሠርግ ላይ አይሃለሁ» አለ። «ጊታሩንም ቤዙንም ከያዝክ ቀጠልክ። ብቻህን ግን። ሌላ ሰው አምጥተህ እንዳትለጥፍብኝ፤ እያለማመዱ አዲስ አበባ መላክ ሰልችቶኛል። ካቃተህ ኦርጋኑ ይገባል፣ እንዳትቀየመኝ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በዚያው ሰሞን የሱዳኑን ጦርነት ሸሽቶ በኩርሙክ ድንበር በኩል የገባ አንድ ሱዳናዊ ሙዚቀኛ አሶሳ ነበር፤ ሰባት ክር ያለው ጊታር ይዟል። ለገሰ በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ወፍራሟን ክር በአውራ ጣቱ አንዴ ነካ ሲያደርጋት የተቀመጠበት የቀርከሃ ወንበር ከሥሩ ነዘረው። አለቀ፤ ልቡ ሄደ። የድሮ ጊታሩን ከነብስክሌቱ አስረክቦ ተለዋወጠ። ሲረካከቡ በሱዳናዊው ፊት ላይ የታየው እፎይታ ለገሰን ሊያጠራጥረው በተገባ ነበር፤ አላጠራጠረውም። ሰውዬው ጊታሩን በጀርባው፣ ብስክሌቱን ከእግሩ ሥር አድርጎ ሲነጉድ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ሚስቱ ስርጉት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን አቁማ አዲሱን ጊታር ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለች። «የነበረችህ ያቺው አንድ ጊታር ናት።»

«ይሄም ጊታር ነው።»

«ታዲያ ለምን ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም?»

እውነቷን ነው፤ አይዘፍንም ነበር። የመጀመሪያው ጣጣ ጠርዙ ነው። የለገሰ ጣቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ከጠርዝ ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ ጠርዝ ላይ ያለው ስድስተኛው ክር ነው፣ ከሱ ቀጥሎ አምስተኛው፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አሁን ጠርዙ ላይ ሌላ ባለቤት ተቀምጧል። አምስተኛውን ብሎ የሄደ ጣት ስድስተኛው ላይ ያርፋል። አብረው የሚነኩት ድምፆች ሁሉ አንድ ክር ተዛንፈው ይወጣሉ፤ ሰክሮ የጎረቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው ዓይነት። ለገሰ «ይቅርታ» ብሎ ይመለሳል፣ እንደገና ያንኳኳል፣ እንደገና የጎረቤት በር ነው።

ቀጥሎ ያ የወታደሩ አውራ ጣት አለ። የዚህ ጊታር አንገት እንደ ጣውላ የሰፋ ነው፤ በጭብጥ አይያዝም። አውራ ጣት ከኋላ፣ ከአንገቱ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ያኔ ነው ሌሎቹ ጣቶች ሰባተኛው ድረስ የሚዘረጉት። የለገሰ አውራ ጣት ግን ይህን አይሰማም። ዘፈኑ ሞቅ ሲል እንደ ልማዱ ከላይ ብቅ ይልና ወፍራሟን ክር ደፍጥጦ ያፍናታል። ቢመክረው ቢቆጣው እምቢ አለ። በመጨረሻ ከአናጺው ዘንድ እንጨት የሚለሰልስበትን ሸካራ ወረቀት ለምኖ በጊታሩ አንገት ጠርዝ ላይ ለጠፈው፤ ጣቱ ብቅ ባለ ቁጥር እንዲፋቅ ነው። ተፋቀ። ደማ። ግን ለብዙ ጊዜ ብቅ ማለቱን አልተወም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የወፍራሟ ክር ጩኸት ነው። ሌሎቹን ክሮች ሲነካ እሷ ሳትጠየቅ ትመልሳለች። ማንም ሳይነካት ከታች ሆና «ሁምምም» ትላለች፤ አንዴ ከተነሳችም ዝም የሚያሰኛት የለም። ስለዚህ የማትፈለግ ጊዜ በቀኝ መዳፍ ጠርዝ ጫን ተደርጋ መታፈን አለባት። መዳፉ ሲያፍን ደግሞ አውራ ጣቱ ለመምታት አይመቸውም፤ ለመምታት ሲነሳ መዳፉ ይለቃል፤ ሲለቅ እሷ ትጀምራለች። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች አብረው ይንጫጫሉ። ስርጉት በስፌት መኪናዋ ላይ ሆና «ዝም አስብላት፣ ወይ እኔ እወጣለሁ፣ ወይ እሷ» ትላለች። ለገሰ ያንን ጊታር ወስዶ ለከሰል አክሳዮች ሊሰጥ ያሰበበት ቀን አንድ ሁለት አይደለም።

የሚጠይቀው መምህር የለም። አሶሳ ውስጥ ሰባት ክር ያለው ጊታር የሚያውቅ ሰው ያ ሱዳናዊ ብቻ ነበር፤ እሱም በለገሰ ብስክሌት ሄዷል። ስልኩ ላይ ይህንኑ ዓይነት ጊታር የሚጫወቱ የአንድ ብራዚላዊ ሽማግሌ ቪዲዮ አገኘ። ሽማግሌው እንደ ዋዛ እየሳቁ፣ ወሬ እያወሩ፣ አውራ ጣታቸው ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ብቻውን ሲንሸራሸር ሦስቱ ጣቶች ከታች የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ካሜራው ወደ እጃቸው ጠጋ ሲል ኔትወርኩ ይቆማል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ። ለገሰ የቆመውን ምስል እንደ ፎቶግራፍ አፍጥጦ እያየ የሽማግሌውን አውራ ጣት አጠና። ብዙ ከለፋ በኋላ አንድ ነገር ገባው፤ ጣቱ ሰባተኛውን ከመታ በኋላ አየር ላይ አይንከራተትም፣ ወርዶ ስድስተኛው ክር ላይ ደገፍ ይላል። ከዚያ ሲመለስ በጎኑ ሰባተኛውን ነካ አድርጎ ዝም ያሰኛል። ይህን ባወቀ ጊዜ ለገሰ ብቻውን ሳቀ። ሲሞክረው ግን አውራ ጣቱ በወረደ ቁጥር ሌሎቹ ጣቶችም እንደ ወታደር ሰልፍ አብረው ወረዱ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚህ ሁሉ ላይ አባባ ዐወድ መጡ።

አባባ ዐወድ የኢቲዳል አጎት ናቸው፤ የሆሞሻ ሰው፣ ረጅምና ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ የማይለያቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ አሶሳ መጥተው እሷ ቤት አርፈዋል። ባንዱ የሚለማመደው ከአናጺው ሱቅ ጀርባ፣ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ሽማግሌው ከእህታቸው ልጅ ከኢቲዳል ጋር ብቅ አሉና በሩ አጠገብ የቀርከሃ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የበርታ ሰው በአገሩ ዋዛ የሚባል፣ ቅል በቅል ላይ እየተሰካካ የሚሠራ ረጅም መለከት ይነፋል። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ድምፅም አንድ ባለቤት። ነፊዎቹ ተራ በተራ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ብቻ በሰዓቱ እየጣለ ዘፈኑ ይሠራል። የሌላውን ድምፅ የሚነካ የለም። የአባባ ዐወድ መለከት ከሁሉ የረዘመው ነበር፤ ድምፁም ከሁሉ ዝቅ ያለው።

ለገሰ ለኢቲዳል ድምፅ እንዲስማማ ሰባተኛውን ክር ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቃኘና መታው። ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነሱ።

«ይሄ ድምፅ የኔ ነው» አሉ።

ኢቲዳል ሳቀች፤ ዲማም ፈገግ አለ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«ወላሂ፣ ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ የኔ ነው። አንተ ሌላውን ምታ። ይሄን እኔ ይመታል» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው።

«አባባ፣ ይሄ ጊታር ነው እኮ» አለ ለገሰ። «የሚመታው አንድ ሰው ነው።»

«ሰባት ድምፅ፣ አንድ ሰው?» አባባ ዐወድ በእውነት ግራ ገባቸው። «ሌላው ሰው ታዲያ ምን ይሠራል?»

ለገሰ ጊታሩን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ። ጥያቄው አናደደው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባባ ዐወድ ሞኝም ወረቀትም አይደሉም፤ ግን አይለቁም። በማግስቱ በርጩማቸውን ከበሩ አንስተው ለገሰ ጉልበት አጠገብ አደረጉ። ዘፈኑ መሐል ላይ ያ ረጅም፣ አጥንታም ጣት ከጎን መጣና ሰባተኛዋን ክር ጎተት አድርጎ ለቀቃት። ለገሰ እባብ የነካው ያህል ዘለለ። «ቀጥል፣ ቀጥል» አሉት ሽማግሌው፣ ያቋረጠው እሱ ይመስል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ክሯን እንደጮኸች ትተዋት ውዱእ ሊያደርጉ ይወጣሉ። ሲመለሱ ዘፈኑ ሳያልቅ ካገኙት ከመጀመሪያ እንዲጀመር ይጠይቃሉ፤ «የኔ ድምፅ አልነበረም፣ ያልቅ አይባልም» ይላሉ። ደግሞ ዲማ ከበሮው ላይ በሚያርፍበት ቅጽበት አይመቱም፤ ትንሽ ዘግየት ይላሉ። ዲማ ሽማግሌ መቆጣት ነውር ስለሆነበት ለገሰ ላይ ያፈጣል። ለገሰ በአንዱ ጣትና በሌላው ዓይን መካከል ተጣበቀ፤ አውራ ጣቱን ሊያለማምድ የመጣ ሰው የራሱን ክር የሚነካበት ተራ አጣ።

ሠርጉ እየቀረበ ነው። ለገሰ የቻለውን ያህል ታገሠ፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባባ፣ ጊታር በሬ አይደለም፣ በጥማድ አይታረስበትም» አለ። «እንጀራዬ ላይ ነው እጅዎን የሚሰዱት። እባክዎ ይነሱልኝ። ዳግመኛም እንዳይነኩብኝ።»

ዲማ በትሮቹን አወረደ። አናጺው እንኳ መጋዙን ያቆመ መሰለ። አባባ ዐወድ እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ ቀስ ብለው። በርጩማቸውን መልሰው በሩ አጠገብ አስቀመጡትና ወጡ።

ኢቲዳል እሳቸው እስኪርቁ ጠበቀች። «ኻሊ፣ አጎቴ፣ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ታውቃለህ?» አለች። «እዚህ ግጭቱ በበረታ ጊዜ ዋዛ ነፊዎቹ ተበተኑ። የሞተ አለ፣ ድንበር የተሻገረ አለ። አንድ መለከት ከጎደለ ዘፈኑ ቀዳዳ ነው ብለው ከዚያ ወዲህ ነፍተው አያውቁም። የሱም መለከት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የመጀመሪያ ቀን ክርህን የሰማ ጊዜ ቤት ገብቶ አለቀሰ።»

ለገሰ አዘነ። ሐዘኑም መልሶ አናደደው። ሰው ተበተነ፤ ያሳዝናል፤ እሱ ግን አልበተነው። መለከት ተሰቀለ፤ ያሳዝናል፤ እሱ ግን አልሰቀለው። እሱም በበኩሉ ሊሰቀል የደረሰ ሰው ነው። «እና የኔ ጊታር ምን አጠፋ?» አለ። ኢቲዳል ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አባባ ዐወድ አልመጡም፤ ወደ ሆሞሻ ተመለሱ። ለገሰም ያለ ጣልቃ ገብ ተለማመደ። ዘፈን የሚባል ነገር ተወና አንዲቱን ነገር ብቻ ያዘ፤ አውራ ጣት ይመታል፣ ይደገፋል፣ ይመለሳል፣ ያፍናል፤ ሌሎቹ ጣቶች ምንም አይሠሩም። ስርጉት ሸሚዝ ስትሰፋ፣ ባጃጅ ሲጠብቅ፣ ጉልበቱ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ። ቀጥሎ ሁለት ጣት ጨመረ፤ ከዚያ ሦስተኛውን። አንድ ጠዋት ስርጉት የስፌት መኪናዋን ድንገት አቆመችና «ሃብታሙ ተመለሰ እንዴ?» አለች። ያልተመለሰ መሆኑን ታውቃለች። ለገሰ ቀና ብሎ አላያትም፤ ቢያያት ጣቱ ይበላሽበታል። የግራ አውራ ጣቱም ከአንገቱ ኋላ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሸካራው ወረቀት ሥራ ፈቷል።

የሆሞሻው ሠርግ ቀን ፀሐዩ ገና ሳያጋድል ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሙሽራይቱ ለኢቲዳል ዘመድ ትሆናለች፤ ስለዚህም አባባ ዐወድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለገሰ ከሩቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱለት። ቂም አይታይባቸውም፤ ይህ ደግሞ ከቂም ይብስበታል።

ጀመሩ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ የሱዳኑን። የለገሰ አውራ ጣት እየተመላለሰ ሠራ። ወፍራሟ ክር ስትጠራ መጣች፣ ስትባረር ሄደች። ከላይ ሦስቱ ጣቶች ሪትሙን ያስኬዳሉ፤ ከሥር መሠረቱ አለ፤ ሰው ምግቡን ትቶ ተነስቷል። ዲማ ድራሙን እየመታ አየው። ያ ምንም የማይነበብበት ፊት ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ ከዲማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለገሰ በዚህ ዕድሜው እንደ ልጅ ተደሰተ። ቻለ። ማንም ሳያስተምረው፣ ማንም ሳይረዳው፣ ብቻውን ቻለ።

ከዚያ ኢቲዳል በበርታኛ ገባች። ድሮ በዋዛ የሚነፋ፣ አሁን እሷ በድምፅዋ ብቻ የምታስነሳው ዘፈን ነው። ሴቶቹ ክብ ሠሩ። ለገሰ ሰባተኛዋን ክር እየመታ ተከተላት። ቀና ሲል አባባ ዐወድ ከምንጣፉ ተነስተው፣ ክቡን ዞረው ወደ እሱ እየመጡ ነው።

«ዛሬ አይሆንም» አለ ለገሰ በልቡ። «ሌላ ቀን ሁሉ እያለ ዛሬ?»

ሽማግሌው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። ጣታቸውን ዘረጉ። ክሯን ግን አልነኩም። ያ መጋዘን ውስጥ ማንንም ሳይጠይቅ ይገባ የነበረ ጣት አሁን ከክሯ አንድ ስንዝር ርቆ አየር ላይ ቆመ፤ ይጠብቃል። እንዳይነኩ ተነግሯቸዋልና አይነኩም። ዓይናቸው ክሯ ላይ እንጂ ለገሰ ላይ አይደለም። ተራቸው በደረሰ ቁጥር ጣታቸው ትንሽ ትንቀሳቀሳለች፣ ለገሰ ይመታል፣ እሷም ባዶዋን ትመለሳለች።

ለገሰ ተናደደ። መላ ሰውነቱ ነደደ። ዲማ አሻግሮ እያየ ነው፤ ብቻህን ብሎታል። አሁን ቢለቅ አቃተው ይባላል፤ ኦርጋኑ ይገባል፤ ያ ሁሉ ልፋት፣ የደማው ጣት፣ የሄደው ብስክሌት፣ ሁሉም ከንቱ ነው። ትክክሉ እሱ ነው። ጊታሩ የሱ ነው። ያቺ ጣት ደግሞ እንደገና ከፍ አለችና ባዶዋን ወረደች።

ለገሰ አውራ ጣቱን ከክሯ ላይ አነሳ።

አባባ ዐወድ መቱ። ትንሽ ዘግየት ብለው፣ እንደ ልማዳቸው። የዲማ ቅንድብ ተኮማተረ። የሴቶቹ እግር ግን ልክ እዚያችው የዘገየች ምት ላይ አረፈ፤ ለካ እስካሁን ሲጠብቁ የነበሩት ያንን ነበር። ደግመው መቱ። ከምንጣፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ሻዩን አስቀመጠና በአፉ አንድ ድምፅ አወጣ፤ አንዲት ብቻ። ከድንኳኑ ማዶ ሌላው መለሰለት፤ እሱም አንዲት ብቻ። ሦስተኛው ከበሩ በኩል። የተረፉት ነፊዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ እየጣለ ነው። በመካከሉ ቀዳዳ አለ። የሞቱትና የሄዱት ተራ ሲደርስ ማንም ምንም አይልም፤ እግር ብቻ መሬት ይመታል፣ ያም ያልፋል፣ ቀጣዩ ይገባል። ስድስቱ ክሮች ለገሰ እጅ ውስጥ ናቸው፤ የትኛውም ድምፅ አለው፤ ቀዳዳውን ሁሉ ሊደፍን ይችል ነበር። ጣቶቹን ሰበሰበና ቀዳዳዎቹን እንዳሉ ተዋቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህም አበሳጨው።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ዲማ ከለገሰ አጠገብ ተቀመጠ።

«ብቻህን ብዬህ ነበር» አለ።

«ብለኸኛል።»

«ይዘኸው ነበር እኮ። በደንብ ይዘኸው ነበር። ምን ሆንክና ለቀቅከው?»

ለገሰ በመስኮቱ ወደ ቀርከሃው አየ። ዲማ በረጅሙ ተነፈሰ፤ የተሸነፈ ሰው አተነፋፈስ ነው።

«ኦርጋኑ ይቆይ» አለ። «ሽማግሌውን ግን የምታስቀምጠው ጭንህ ላይ ነው። ቦታ የለኝም።»

ቤቱ ሲደርስ ስርጉት በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ፊቱን አይታ ደነገጠች።

«አቃተህ?»

«ችዬ ነበር» አለ ለገሰ። ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። «አንድም ሳልስት ችዬ ነበር። ብቻዬን። ከዚያ ሰውዬው መጥተው እጃቸውን ዘረጉ።»

«ብትከለክላቸውስ?»

«እንዴት አድርጌ ልከልክላቸው?» ሲል ለገሰ ተቆጣ፣ እንደዚያ አድርጎ ተቆጥቷት አያውቅም። «ድምፁ የሳቸው ነው እኮ!»